የሳንባ ካንሰር ቱመር ማርከር ምንድን ነው?

ቱመር ማርከር የካንሰር ሴሎች ሲባዙና ሲሞቱ ወደ ደም የሚለቁት፣ መጠኑ በላብራቶሪ የሚለካ ንጥረ ነገር ነው። አብዛኞቹ ፕሮቲኖች ናቸው። ጤነኛ ሴሎችም እነዚህኑ ፕሮቲኖች በጥቂቱ ያመርታሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ካንሰር አለ አይባልም፤ ዝቅ ስላለም የለም አይባልም። ገና የጀመረ ዕጢ ደም ውስጥ ምንም ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። የሳንባ ካንሰር የሚረጋገጠው ከዕጢው ተቆርሶ በማይክሮስኮፕ በሚታይ ናሙና (ባዮፕሲ) ወይም በሳንባ ዙሪያ ከተጠራቀመ ፈሳሽ በተቀዳ ናሙና ነው።

ለሳንባ በብዛት የሚታዘዙት አራት ማርከሮች ናቸው። ሲኢኤ በአብዛኛው ከአዴኖካርሲኖማ (ንፍጥ ከሚያመነጩ ሴሎች ከሚነሳው የካንሰር ዓይነት) ጋር ይያያዛል፤ ሳይፍራ 21-1 ደግሞ በተለይ በስኳመስ ሴል ካንሰር (ከጠፍጣፋ የሽፋን ሴሎች በሚነሳው) ከፍ ይላል። ኤንኤስኢና ፕሮጂአርፒ ስሞል ሴል ወደሚባለው የሳንባ ካንሰር ይጠቁማሉ፤ ይህ በፍጥነት የሚሰራጭና ሕክምናውም ከሌሎቹ የሚለይ ዓይነት ነው።

የሲኢኤ ወሰን ለማያጨስ ሰው 3፣ ለሚያጨስ 5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ለሳይፍራ 3.3፣ ለኤንኤስኢ 16 ገደማ የሚሉ ላብራቶሪዎች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ወሰኑ እንደ መሣሪያውና እንደ ሪኤጀንቱ (የምርመራው ኬሚካል) ይለያያልና ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ማየት ይገባል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፕሮጂአርፒና ሳይፍራው ያለ ካንሰር ሊጨምር ስለሚችል የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒኑ አብሮ መታየት አለበት። የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት መጠጠር) ሲኢኤን ከፍ ያደርጋል፤ የሳንባ ምችና ቲቢም ማርከሮችን ያዛባሉ።

የቲቢ ነገር በእኛ አገር ሰፋ አድርጎ ማየትን ይጠይቃል። ራጅ ላይ ጥላ የታየበት፣ የሚያስልና የከሳ ሰው መጀመሪያ በቲቢ ቢጠረጠር ትክክል ነው። ነገር ግን የአክታው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ኔጌቲቭ ሆኖ፣ የቲቢ መድኃኒቱንም በሥርዓት እየወሰደ ጥላው ካልቀነሰ፣ ቀጣዩ እርምጃ ሲቲ ስካንና ባዮፕሲ ነው። እዚህ ላይ ማርከር አዝዞ ውጤቱ ዝቅ ቢል መረጋጋት ለታካሚው እጅግ ውድ የሆኑ ወራትን ያባክናል።

ብዙ ስህተት የሚሠራው ደም ሲቀዳ ነው። ኤንኤስኢ በቀይ የደም ሴልና በፕላትሌት ውስጥም ይገኛል። ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ከተሳበ ወይም ቱቦው ከተናጠ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ ቁጥሩም በሐሰት ያሻቅባል። ናሙናው ከረጋ በኋላ፣ ከተቀዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሴንትሪፊዩጅ (በሚያሽከረክር መሣሪያ) መለየት አለበት፤ ሴረሙ (ከደሙ የሚለየው ፈሳሽ) ቀላ ካለ ውጤት መስጠት ሳይሆን እንደገና መቅዳት ነው የሚሻለው። ለፕሮጂአርፒ ሐምራዊ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ ቱቦ ይመረጣል፤ ደም ሲረጋ የሚፈጠረው ትሮምቢን ፕሮቲኑን ይሰባብረዋልና። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን ደግሞ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ውጤቱን በሐሰት ዝቅ ያደርጋል። የሚወስድ ሰው ደም ከመስጠቱ በፊት ለሐኪሙና ለላብራቶሪው ይንገር።

ማርከር እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው ካንሰሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሕክምናውን ለመከታተል ነው። ሕክምና ከመጀመሩ በፊት መነሻ ቁጥር ይወሰዳል፤ መነሻው ላይ ከፍ ያላለ ማርከር ለክትትል ብዙም አይረባም። ከዚያ በኋላ በተመሳሳይ ላብራቶሪና በተመሳሳይ መሣሪያ መለካት ያስፈልጋል። መሣሪያው ከተቀየረ ልዩነቱ የዕጢው ይሁን የመሣሪያው አይለይም፤ አዲስ መነሻ መያዝ ግድ ነው። ኬሞቴራፒ በተሰጠ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሞቱት ሴሎች ይዘታቸውን ስለሚለቁ ቁጥሩ ለጊዜው ሊጨምር ይችላል፤ ይህ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ጭማሪው በድጋሚ ምርመራም ከቀጠለ በሲቲ ስካን ይጣራል። በማርከር ብቻ መድኃኒት አይቀየርም።

ከእነዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ የደም ምርመራ አለ። ከዕጢው ወደ ደም የገባን ዲኤንኤ ፈልጎ ኢጂኤፍአርን (የሴል ዕድገትን የሚመራ ጂን) በመሰሉ ጂኖች ላይ ያለን ለውጥ ያሳያል። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለሳንባ ካንሰር እንዲህ ያለውን ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጸደቀው በ2016 ነው። ሥራው ካንሰር መኖሩን ማረጋገጥ ሳይሆን ለታካሚው የትኛው ኪኒን እንደሚስማማ መምረጥ ነው። ለውጡ ከተገኘ ለውሳኔ ይበቃል፤ ካልተገኘ ግን ዕጢው በቂ ዲኤንኤ አልለቀቀም ይሆናልና ምርመራው በዕጢው ናሙና መደገም አለበት።