የስኮትላንድ ኪነ ሕንጻ፣ ምሕንድስናና ንድፍ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስኮትላንድ የብሪታንያ ደሴትን ሰሜናዊ ክፍል የያዘች፣ አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት። ጠረፏ በባሕር የተሰነጣጠቀ፣ ተራራዋ ለመንገድ የማይመች፣ ነፋሷም ብርቱ በመሆኑ፣ በዚያ የሚገነባ ሁሉ ከውበት አስቀድሞ የጥንካሬን ጥያቄ መመለስ ነበረበት። ምናልባትም በዚህ ምክንያት ግንበኛው፣ መሐንዲሱና የሕንጻ ነዳፊው ለረጅም ዘመን ተለያይተው አልቆሙም፤ ከአገሪቱ ታላላቅ መሐንዲሶች አንዱ የሆነው ቶማስ ቴልፎርድ የእረኛ ልጅ ሲሆን፣ ሥራ የጀመረውም በድንጋይ ጠራቢነት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከጥንታዊዎቹ ቅርሶች ሁሉ የምትልቀው በኦርክኒ ደሴቶች የምትገኘው የስካራ ብሬ መንደር ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3180 ገደማ ጀምሮ ሰዎች የኖሩባት ይህች መንደር ከጊዛ ፒራሚዶች ትቀድማለች፤ በ1850 ኃይለኛ ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ እስኪያጋልጣት ድረስም ተቀብራ ቆይታለች። በደሴቶቹ ላይ ዛፍ ብርቅ ስለነበር ነዋሪዎቿ አልጋቸውንና የዕቃ መደርደሪያቸውን ሳይቀር የሠሩት ከጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ዛሬም ወደ ቤቶቹ ቁልቁል የሚመለከት ጎብኚ መደርደሪያው ከበሩ ፊት ለፊት፣ ምድጃው በመካከል፣ አልጋዎቹም በግራና በቀኝ እንደተቀመጡ ያያል። ከዚህ ብዙ ዘግይቶ፣ ከዛሬ 2000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሼትላንድ የተሠራው የሙሳ ክብ ግንብ ያለ ምንም ማያያዣ ጭቃ ወይም ኖራ 13 ሜትር ከፍታ ይዞ ቆሟል፤ ግድግዳው ድርብ ሲሆን ደረጃው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ይወጣል። የመካከለኛው ዘመን ገዳማትና ካቴድራሎች፣ እንዲሁም በ1626 የተጠናቀቀውን የክሬጊቫር ግንብ የመሳሰሉት ረጃጅም የመኳንንት መኖሪያዎች ራሳቸውን የቻለ ጽሑፍ የሚሹ ናቸው።

በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ኤዲንብራ የተጨናነቀውን አሮጌ ከተማዋን ሳታፈርስ ከጎኑ አዲስ ከተማ ቆረቆረች። የጄምስ ክሬግ ንድፍ በ1767 ጸደቀ፤ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችን በሁለት አደባባዮች መካከል የዘረጋው ይህ ንድፍ እስካሁን የከተማዋ መልክ ነው። የሻርሎት አደባባይን ቤቶች ገጽታ በ1791 የነደፈው ሮበርት አዳም ሙያውን ከአባቱ ከዊልያም የተማረ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በዛሬዋ ክሮኤሺያ በስፕሊት ከተማ የሚገኘውን የዲዮቅልጥያኖስን ቤተ መንግሥት ለክቶ የሮማውያንን የቤት አሠራር ለዘመኑ አስተዋውቋል። በዚሁ ዘመን የግሪኖክ ተወላጅ የሆነው ጄምስ ዋት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ከእርሱ በፊት የነበረው የእንፋሎት ሞተር የሆነው የኒውኮመን ሞተር የተበላሸ ናሙና እንዲጠግን ተሰጠው። ሲሊንደሩ በየምቱ እየጋለና እየቀዘቀዘ እንፋሎት ማባከኑን አስተውሎ፣ እንፋሎቱ በተለየ ዕቃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ የማድረግን ሐሳብ በ1765 አገኘ። የእንፋሎት ሞተርን የፈለሰፈው ዋት ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር ትክክል አይደለም፤ ሞተሩን ለፋብሪካዎች ሁሉ የሚያዋጣ ያደረገው ግን እርሱ ነው።

ቴልፎርድ በበኩሉ በሰሜኑ ተራራማ ምድር ከ1,000 ማይል በላይ መንገድ አሠርቷል። የካሌዶኒያ ቦይ በ1822 ሲከፈት ሁለቱን የባሕር ዳርቻዎች ያገናኘ የ97 ኪሎ ሜትር መስመር ሆነ፤ አብዛኛው ርቀት በተፈጥሮ ሐይቆች ላይ የሚያልፍ ሲሆን፣ በምዕራቡ ጫፍ መርከቦች በስምንት ተከታታይ የውኃ በሮች እንደ ደረጃ ይወጣሉ። ቴልፎርድ በ1820 የብሪታንያ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ይህ ክብር ለአንድ ድንጋይ ጠራቢ መሰጠቱ ሊዘነጋ የሚገባው አይደለም።

የስኮትላንድ መሐንዲሶች ችሎታ ከሁሉ በላይ የተፈተነው ግን በባሕር መካከል ነው። ቤል ሮክ ከአንገስ ጠረፍ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ቋጥኝ ሲሆን፣ ባሕሩ ሲሸሽ ለጥቂት ሰዓታት ብቅ ይላል፤ ሲሞላ ግን ፈጽሞ ስለሚሰወር ብዙ መርከቦች ተሰባብረውበታል። በ1807 በሮበርት ስቲቨንሰን መሪነት የመብራት ማማ ሥራ ተጀመረ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ያድሩ የነበረው በአቅራቢያው በቆመ መርከብ ላይ ነው፤ ቋጥኙ በታየ ቁጥር በጀልባ እየሄዱ መሠረቱን ይቆፍራሉ፤ የደነዘዘውን መሣሪያም አንጥረኛው እዚያው ቋጥኙ ላይ በተከለው ምድጃ ይስልላቸዋል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ከመርከቦቹ አንዷ መልሕቋ ከድቷት በነፋስ ስትወሰድ 32 ሰዎች ሁሉንም መያዝ ከማይችሉ ሁለት ጀልባዎች ጋር ቀሩ፤ ውኃውም ይሞላ ነበር። ስቲቨንሰን ራሱ እንደጻፈው፣ ሊናገር ሲል አፉ ደርቆ ቃል ስላልወጣው ጎንበስ ብሎ ከቋጥኙ ኩሬ የባሕር ውኃ ተጎነጨ፤ ቀና ሲልም ደብዳቤ ይዛ የመጣች ጀልባ መታየቷን አንድ ሰው ጮኾ አበሰረ። ማማው 35 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ድንጋዮቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንዲቆላለፉ ተደርገው አንድ በአንድ ተጠርበዋል። መብራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የበራው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1811 ነው፤ ግንቡም እስከ ዛሬ አገልግሎት ላይ ነው።

ሥራው የማን ነው በሚለው ላይ ክርክር አለ። በይፋ ዋና መሐንዲስ ሆኖ የተሾመው ጆን ሬኒ ሲሆን፣ ስለ ማማው ቅርጽ ምክር መስጠቱ አይካድም፤ ልጆቹም የአባታቸውን ድርሻ አጥብቀው ተከራክረዋል። ይሁንና ከዓመት ዓመት ቋጥኙ ላይ የዋለው ስቲቨንሰን በመሆኑ፣ ማማውን የእርሱ ማለት የሚያስኬድ ይመስላል። ልጁ አለን በ1844 በስኬሪቮር ቋጥኝ ከዚህም የሚረዝም የ48 ሜትር ማማ አቆመ።

ሁሉም ሥራ የሰመረ አልነበረም። ዲሴምበር 28 ቀን 1879 ምሽት በተነሳ ማዕበል የቴይ የባቡር ድልድይ መካከለኛ ክፍል ተደርምሶ በላዩ ይጓዝ የነበረው ባቡር ከነተሳፋሪዎቹ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ አንድም ሰው አልተረፈም። ምርመራው የድልድዩን ነዳፊ ቶማስ ባውችን ክፉኛ ወቀሰ፤ የነፋስን ግፊት አላሰላም ነበርና። ባውች ለፎርዝ ወሽመጥ የነደፈው ተንጠልጣይ ድልድይም ተሰረዘ። በምትኩ በ1890 የተከፈተው የፎርዝ ድልድይ ለነፋስ ብርታት የተሰጠ መልስ ነው። ነዳፊዎቹ ጆን ፋውለርና ቤንጃሚን ቤከር እንግሊዛውያን ናቸው፤ ያነጸው ግን ስኮትላንዳዊው የዊልያም አሮል ድርጅት ነው። ቤከር የድልድዩን አሠራር ለሕዝብ ያስረዳው በሰዎች አካል ነበር፦ ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው እጆቻቸውን ዘረጉ፤ በእጃቸው የያዟቸው እንጨቶች ወደ ወንበሩ እግር ተደገፉ፤ በውጭው ወገን ጡብ ተንጠልጥሎ ሚዛን ጠበቀ፤ በመካከላቸው በተዘረጋው ሳንቃ ላይ ደግሞ ጃፓናዊው መሐንዲስ ካይቺ ዋታናቤ ተቀመጠ። የሰዎቹ እጅ ተወጥሮ፣ እንጨቱ ተጨምቆ ዋታናቤን እንደተሸከሙት ሁሉ፣ የድልድዩ ሦስት ማማዎችም ሐዲዱን ተሸክመዋል። ሁለቱ ዋና ክፍተቶች እያንዳንዳቸው 521 ሜትር ናቸው፤ ከ50,000 ቶን በላይ ብረትና 6.5 ሚሊዮን ያህል ሪቬት (የብረት ማያያዣ ችንካር) ፈጅቷል። የሞቱት ሠራተኞች 57 ናቸው ሲባል ቢቆይም የአካባቢው ተወላጆች ያካሄዱት ጥናት ቁጥሩን 73 አድርሶታል። ድልድዩ በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በክላይድ ወንዝ ዳር የተሠሩት መርከቦች፣ በ1934 ውኃ ላይ የወረደችውን ኩዊን ሜሪን ጨምሮ፣ የአገሪቱን ስም በየወደቡ አዳርሰዋል። በመርከብ የበለጸገችው ግላስጎው ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽን አፈራች፤ ከሕንጻው እስከ ወንበሩና መብራቱ ድረስ አንድ ወጥ አድርጎ የሚነድፍ ሰው ነበር። በ1909 የተጠናቀቀው የግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በ2014 ተቃጠለ፤ እድሳቱ በመካሄድ ላይ እንዳለም በ2018 በባሰ እሳት መጋየቱ ለኪነ ሕንጻ ወዳጆች ሁሉ መሪር ሐዘን ነው። በሄለንስበርግ ያለው ሌላው የማኪንቶሽ ሥራ፣ ሂል ሃውስ የተባለው መኖሪያ ቤት፣ ሌላ ችግር ገጥሞታል፦ ግድግዳው በነባሩ ኖራ ፋንታ በሲሚንቶ ስለተለሰነ የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ ግንቡን አራሰው። ከ2019 ጀምሮ ቤቱ ዝናብ የሚከላከል፣ ነፋስ ግን የሚያሳልፍ የብረት መረብ ትልቅ ሽፋን ተሠርቶለት ቀስ በቀስ እየደረቀ ነው።

በ2004 የተከፈተው የስኮትላንድ ፓርላማ ሕንጻ የካታሎኒያው ኤንሪክ ሚራዬስ ሥራ ሲሆን፣ ወጪው ወደ 414 ሚሊዮን ፓውንድ በማሻቀቡ ብዙ አነጋግሯል። በ2002 የተመረቀው የፎልከርክ መንኮራኩር ግን የአሮጌዎቹን መሐንዲሶች መንፈስ በይበልጥ ይዟል። የተለያየ ከፍታ ያላቸውን ሁለት ቦዮች የሚያገናኘው ይህ መሣሪያ ጀልባዎችን ከነውኃቸው 24 ሜትር ያነሳል። ተንሳፋፊ ጀልባ የክብደቱን ያህል ውኃ ስለሚያስወጣ፣ ጀልባ ኖረም አልኖረ ሁለቱ ገንዳዎች እኩል ይመዝናሉ፤ ስለዚህ መንኮራኩሩ ግማሽ ዙር ለመዞር የሚፈጀው ኤሌክትሪክ 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ብረቱ የተሠራው በእንግሊዝ ደርቢሺር ሲሆን፣ እዚያ ተገጣጥሞ ከተሞከረ በኋላ ተፈትቶ በመኪና ወደ ፎልከርክ ተጓጉዟል።