ቲቪ እያዩ መቆርጠም የሆዳምነት ጉዳይ አይደለም

«ዋናው ቆራጥነት ነው።» ይቺን ቃል መስማት ሰልችቶኛል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስለ አመጋገብ የማማክር ባለሙያ ነኝ። ማታ ቲቪ ፊት የሚቆረጥሙት ነገር አልለቅ ያላቸው ብዙ ሰዎች ይመጣሉ፤ ስኳር ያለባቸው፣ ግፊት ያለባቸው፣ ክብደታቸው ያስጨነቃቸው። አብዛኞቹ ቤታቸው ውስጥ «አንተ ሆድህን መግዛት እንዴት ያቅትሃል?» ተብለው፣ አፍረው ነው የሚመጡት። ያናድደኛል።

እስቲ ሳሎን ውስጥ የሚሆነውን ልብ ብላችሁ እዩት። ሰውዬው ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ ሪሞቱን ያነሳል፣ ድራማው ይጀምራል። ዓይኑ ከቲቪው ሳይነቀል እጁ ሰሃኑን ያገኘዋል። ይዘግናል፣ ይቆረጥማል፣ ደግሞ ይዘግናል። ቆሎው ካለቀ በኋላ እንኳ ጣቶቹ ሰሃኑን ይዳብሳሉ። ምን ያህል በላህ ብትሉት አያውቅም። የቱ ጋ ነው ታግሎ የተሸነፈው? ሶፋውና ቲቪው ናቸው እጁን የቀሰቀሱት።

ይህን በደንብ ያሳየ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሲሆን የአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲኒማ ለሚያዩ ሰዎች ፈንዲሻ ሰጡ፤ ለከፊሎቹ ትኩስ፣ ለከፊሎቹ ሳምንት ያደረ። ሲኒማ ቤት ፈንዲሻ መብላት የለመዱት፣ ያደረውንም ከትኩሱ እኩል በሉት። አልጣማቸውም፤ ግን በሉት። ስብሰባ ክፍል ውስጥ የሙዚቃ ቪዲዮ እያዩ ሲቀርብላቸው ግን የለመዱትም ያደረውን ቀነሱ። በማይቀናቸው እጅ እንዲበሉ ሲደረግም እንደዚሁ ቀነሱ። እኛ ጋ በግራ እጅ መብላት ነውር ስለሆነ ይህን ማንም ላይ አልጭንም። ቀኙን ሥራ ማስያዝ ግን ይቻላል። አንዲት ጡረታ የወጡ እናት ዳንቴል አንሱ ብያቸው ነበር፤ በቀጠሯቸው ሲመጡ «ልጄ፣ ቆሎውን እኮ ረሳሁት» አሉኝ። ክር የያዘ እጅ አይዘግንም።

«ስለሚርበኝ ነው» የሚሉም አሉ። እዚህ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። ሰው ምሳውን ስድስት ሰዓት በልቶ፣ ከመገናኛ ወይም ከሳሪስ ታክሲ ተሰልፎ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደክሞት ቤት ይገባል። እራት እስኪቀርብ ቲቪ ይከፈትና ቆሎው ይመጣል። ከዚያ ሦስት ሰዓት ላይ እራቱም ይበላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ እራት፣ ቲቪው ጠፍቶ፣ ከዚያ ድራማው። ቲቪው ይጥፋ የምለው ያለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሃያ አራት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ የበላ ሰው ያኔም አብዝቶ እንደሚበላ፣ ይባስ ብሎ ከሰዓታት በኋላ በሚበላው ላይ ደግሞ የበለጠ እንደሚጨምር አሳይቷል። የበላነውን በደንብ ካላስታወስነው ሆዳችንም እንዳልበላ ነው።

«የጾም ነው፣ አያወፍርም» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ከ100 ግራም የተቆላ ለውዝ ወደ 580 ካሎሪ፣ ከ100 ግራም የድንች ቺፕስ ወደ 530 ካሎሪ ይገኛል። ለውዝ ጥሩ ምግብ ነው፤ ሙሉ ሰሃን ሲሆን ነው ችግሩ። በቡና ሲኒ ለኩና ቀሪውን ኩሽና መልሱት። ከነልጣጩ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ መፈልፈሉ ያዘገያል።

«ማታ የተበላ ሁሉ ስብ ይሆናል» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ዋናው የቀኑ ድምር ነው።

«ሃያ አንድ ቀን ከታገሥክ ልማዱ ይለቅሃል» የሚለው ደግሞ ሰው ያስጎዳል። ምንጩ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ፤ «ቢያንስ» የሚለው በመንገድ ቀረና ሕግ ሆነ። በለንደን 96 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አዲስ ልማድ ለመያዝ በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አግኝቷል፤ ከ18 እስከ 254 ቀንም ይደርሳል። አንድ ቀን ማለፍ ጉዞውን እንደማያበላሽም አይተዋል። ስለዚህ በሃያ ሁለተኛው ቀን ቆሎ ሲዘግን ራሱን ያገኘ ሰው «እኔ አልረባም» ብሎ መተው የለበትም።

«ልጄ ቲቪ ካልከፈትኩለት አይበላም» የምትሉ እናቶች፣ እባካችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅና ከዚያ በታች ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥ ይላል። ካርቱን እያየ የሚጎርስ ልጅ መጥገቡን የሚያውቅበት መንገድ ይጠፋዋል። ቲቪ ፊት የመቆርጠም ልማድ የሚጀመረው እዚያ ነው። ለጥቂት ቀን ያለቅሳል፣ ከዚያ አብሯችሁ ገበታ ይቀርባል።

ቤተሰቦችም ስሙኝ። ባልሽን ወይም ሚስትህን «ቆራጥ ሁን፣ ቆራጥ ሁኚ» ከማለት በፊት የሳሎኑን ጠረጴዛ ተመልከቱ። ብስኩቱን ማን አስቀመጠው? ኳስ ባለበት ማታ ለውዙን በትልቁ ሰሃን የሚያቀርበው ማን ነው? ለቀጠሮ ስትመጡ እሱንም ሰው ይዛችሁ ኑ፤ የምመክረው ሁለታችሁንም ነው።