ባው ትረስተር በጣና ላይ፦ ጀልባ ሲያስጠጉ አጠቃቀሙና ጥገናው

ባው ትረስተር ከጀልባ አፍንጫ ስር፣ ከውሃው ወለል በታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ በሚያልፍ ቱቦ ውስጥ የሚገጠም ትንሽ ፕሮፔለር ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ አፍንጫውን ወደ ጎን መግፋት። ዋናው ሞተር ጀልባውን ወደፊትና ወደኋላ ይወስዳል፣ መሪው ደግሞ ውሃ እየገፋ ያዞረዋል። ጀልባው ወደ ማቆሚያው ሲቃረብ ግን ፍጥነቱ ይሞታል፤ ፍጥነት ሲሞት መሪው የሚይዘው ውሃ ያጣል፤ አፍንጫውንም ነፋስ እንደፈለገ ይወስደዋል። መሣሪያው የተፈለገው ለዚያች የመጨረሻ ጥቂት ሜትር ነው። ከውጭ ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ በአፍንጫው ጎንና ጎን ከውሃው መስመር ከፍ ብሎ የተሳለ፣ በውስጡ መስቀለኛ ምልክት ያለበት ክብ መኖሩን ይጠቁማል።

በጎጃም በኩል ያለው የጣና ዳርቻ ከባሕር ዳር ተነስቶ በዘጌ አድርጎ ወደ ቁንዝላ ይዘልቃል። በዚህ ውሃ ላይ ለሚሄደው ሁሉ ባው ትረስተር ያስፈልጋል ማለት አይደለም። የደንገል ታንኳ በመቅዘፊያ ይዞራል። ጎብኚና ምእመን ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም ወደ ክብራን ገብርኤል የሚያመላልሱት አብዛኞቹ ጀልባዎችም ሞተራቸው ከኋላ በውጭ የተሰቀለ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ሲዞር ግፊቱ አብሮ ስለሚዞር፣ ልምድ ያለው ነጂ ያለ ምንም ተጨማሪ መሣሪያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ያስገባዋል። ለእነዚህ ባው ትረስተር መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። የሚጠቅመው ሞተሩ በውስጥ ለሆነ፣ አንድ ፕሮፔለር ብቻ ላለው፣ ጎኑ ከፍ ላለና ከ10 ሜትር በላይ ለሚረዝም ጀልባ ነው። ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ጣና የተላከችውን ጣናነሽ ፪ን የመሰሉ ትልልቅ መርከቦች ሐይቁን እየለመዱት ሲሄዱ ነገሩን ማወቅ የግድ ይሆናል።

ነፋሱና ጉልበቱ

ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ እንዲያም ሆኖ በሴኮንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 5 ኪሎ ግራም ያሳርፋል። 12 ሜትር የሚረዝም፣ ከነቤቱ ጎኑ 2 ሜትር ከፍ ያለ ጀልባ 24 ካሬ ሜትር ለነፋስ ያጋልጣል፤ ይህ 120 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ነው። አፍንጫውን ብቻ ለመያዝ የዚህ ግማሽ ገደማ ይበቃል። 4 ኪሎዋት አካባቢ ያለው የኤሌክትሪክ ትረስተር ከ70 እስከ 80 ኪሎ ግራም ስለሚገፋ ይችለዋል፤ ነፋሱ ትንሽ ከጨመረ ግን አይችለውም። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ወደ ማቆሚያ የሚመለስ ነጂ መጀመሪያ የሚመለከተው ባንዲራውንና የውሃውን ገጽ እንጂ የትረስተሩን ማዘዣ አይደለም።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ናፍጣ ሞተር በሳሳ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ባያጣም ሙቀቱን እንደ ቆላ አያስወጣም። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም የሚለካው በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። አነስተኛ ትረስተሮች ደግሞ ድሮውንም ለአጭር ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ በተከታታይ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከሠሩ የሙቀት መቆጣጠሪያቸው ያጠፋቸዋል፣ ካልቀዘቀዙም አይነሡም። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ነጂው ጣቱን ከማዘዣው ባላነሣበት፣ ማለትም አብዝቶ በሚፈልገው ሰዓት ነው።

ሲያስጠጉ

ትረስተሩ የሚሞከረው ገና ሰፊው ውሃ ላይ ሳሉ ነው፤ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ለአንዳንድ ሴኮንድ። አፍንጫው ካልተንቀሳቀሰ ያኔ ማወቅ፣ ከድንጋዩ ፊት ለፊት ከማወቅ ይሻላል። ከዚያ ፍጥነት ይቀነሳል። ጀልባው በሰዓት ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ወደፊት እየሄደ ከሆነ በቱቦው አፍ የሚያልፈው ውሃ ግፊቱን ይበላዋል፤ መሣሪያው ይጮኻል እንጂ አይሠራም። ወደኋላ በቀስታ ሲኬድ ግን በጣም ይጠቅማል፤ ጀልባው የሚዞርበት ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ አፍንጫው ላይ ያለው ግፊት ረጅም ክንድ ያገኛል።

ነፋሱ ከማቆሚያው ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ከሆነ አጠጋጉ እንዲህ ነው። በጠባብ ማዕዘን አፍንጫውን ወደ ማቆሚያው ይዞ በእርጋታ መግባት፤ ግማሽ የጀልባ ርዝመት ሲቀር ማርሹን ማውጣት፤ አፍንጫው መሸሽ ሲጀምር ትረስተሩን ለሁለት ሴኮንድ መንካት፣ መልቀቅ፣ ማየት፣ እንደገና መንካት። የፊቱ ገመድ ከታሰረ በኋላ የትረስተሩ ሥራ አልቋል፤ ኋላው በዋናው ሞተርና በመሪው ይገባል። ከኋላ ሲታይ ወደፊት ሲሄድ በቀኝ የሚዞር ፕሮፔለር በኋላ ማርሽ የጀልባውን ኋላ ወደ ግራ ስለሚጎትት፣ ነፋሱ ከፈቀደ በግራ ጎን መጠጋት ይቀላል። ከግራ ወደ ቀኝ ሲቀየር አንድ አፍታ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ፕሮፔለሩ ሳይቆም አቅጣጫውን መገልበጥ የማርሹን ጥርስ ወይም የመጠበቂያ ፒኑን ይሰብራል።

በጣና ዳርቻ አንድ ነገር ከሁሉ ይቀድማል፤ ሰው። በማቆሚያዎች አካባቢ ልጆች ይዋኛሉ፣ ታንኳ ጀልባ ተጠግቶ ያልፋል። ቱቦው በአንድ በኩል ይስባል፣ በሌላው በኩል ይተፋል፤ የሚተፋው ውሃ ቀላል የደንገል ታንኳን ከነጭነቱ ሊገለብጥ ይችላል። በሁለቱም ጎን ዐይን የሚሆን አንድ ረዳት አፍንጫው ላይ ሳይቆም ትረስተሩን መንካት አይገባም።

የውሃው ጥልቀትም ይታሰባል። ጣና በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳርቻው ደግሞ ጠፍጣፋ። ከክረምት በኋላ የሚሞላው ውሃ እስከ ግንቦትና ሰኔ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ የሚወሰነው በዝናብ ብቻ አይደለም፤ በ1995 ዓ.ም. ውሃው እጅግ ወርዶ መርከቦች ለመሄድ ተቸግረው ነበር። ውሃው ሲጎድል ትረስተሩ ጭቃና አሸዋ ይስባል፤ አሸዋው ፕሮፔለሩን ይበላል፣ ጠጠር ደግሞ በክንፉና በቱቦው መካከል ይሰነቀራል።

ጥገና

የባሕር ጀልባ ቱቦ ዋና ጠላት ዛጎል ነው፤ ጣና ላይ እሱ የለም። እዚህ ያለው እምቦጭ፣ የደንገል ስብርባሪ፣ ፌስታልና ከሁሉ የከፋው የዓሣ መረብ ነው። ቀጭኑ የናይለን ክር በፕሮፔለሩና በማርሽ ቤቱ መካከል ገብቶ ይጠመጠማል፣ በሙቀት ይቀልጣል፣ ቀስ እያለም ፓራኦሊዮውን፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ ዘንጉን የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ ይቆርጣል። ፕሮፔለሩ ወልቆ ሲታይ ክሩ ዘንጉ ላይ እንደ ቀለበት ደርቆ ይገኛል። ፓራኦሊዮው ከተቆረጠ የማርሹ ዘይት ውሃ ይገባውና ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል፤ በዚያ ዘይት የሚሠራ ማርሽ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ጀልባው በወጣ ቁጥር ዘይቱን ማየት፣ ክሩን በቢላ ማውጣት፣ ፓራኦሊዮውን መመርመር። እጅ ቱቦ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የባትሪው ዋና ማብሪያ ይጠፋል፤ ቁልፉም የሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። መረብና ቅጠል እንዳይገባ በቱቦው አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት መበየድ የሚያጓጓ ሐሳብ ነው፣ አይመከርም፤ የእምቦጭ ሥር ወንፊቱን ይደፍነዋል፣ ግፊቱም ይሞታል። ጥቂት ቀጫጭን ዘንጎች ይበቃሉ።

አኖዱ ብዙ የሚሳሳቱበት ነገር ነው። ከፕሮፔለሩ ጫፍ የሚታሰረው ይህ ቁራጭ ብረት ዝገቱን በራሱ ላይ ወስዶ ሌላውን ያተርፋል። ከውጭ የሚመጡ ትረስተሮች ብዙ ጊዜ የዚንክ አኖድ ይዘው ይመጣሉ፤ ዚንክ ለጨዋማ ባሕር ነው። በጣፋጭ ውሃ ላዩ ላይ ቅርፊት ያበጅና መሥራት ያቆማል፤ ሳይበላ እንደ አዲስ የሚታይ አኖድ ደህና ነው ማለት አይደለም። ለጣና ማግኒዥየም፣ ካልተገኘም አሉሚኒየም ነው የሚሆነው። ግማሹ ሲያልቅ ይቀየራል፣ ቀለምም አይቀባም።

ከቱቦው በላይ ያለው ደግሞ የመብራት ሥራ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ ትረስተር ከ300 እስከ 500 አምፔር ሊስብ ይችላል። ቀጭን ኬብል ወይም የላላ ብሎን ይሞቃል፣ ቮልቱንም ይበላል፤ ትረስተሩ እየሠራ በራሱ ብሎኖች ላይ የሚለካው ቮልት ከ10.5 ከወረደ ችግሩ ባትሪው ወይም ኬብሉ ነው፣ ሞተሩ አይደለም። ባትሪውን አፍንጫው አጠገብ ማስቀመጥ ኬብሉን ያሳጥራል። የባትሪው ራሶች ይጸዳሉ፣ ግሪስ ይቀባሉ፣ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የተጣራ ውሃ ይሞላል። ካርቦኑ፣ ማለትም በሚዞረው የሞተር ክፍል ላይ እየተፋተገ መብራት የሚያስተላልፈው ቁራጭ፣ ሲያልቅ ይቀየራል፣ ዱቄቱም ይጠረጋል። ትረስተሩ ባያስፈልግ እንኳ በየጊዜው ለጥቂት ሴኮንድ ማስነሣት ካርቦኑንና መብራቱን ለሞተሩ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ሪሌ ከዝገት ይጠብቃል።

ካርቦን ባለበት ብልጭታ አለ። የቤንዚን ጀሪካን ከፊት ባለው ክፍል፣ ትረስተሩ አጠገብ ማስቀመጥ ጀልባን ከነሰዉ የሚያቃጥል ጥፋት ነው፤ የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ ሞተሩ ስር ይተኛል። ቤንዚን በሚጭን ጀልባ ላይ የሚገጠመው ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ታሽጎ የተሠራ ትረስተር ብቻ ነው፤ የፊቱም ክፍል ከገመድና ከመልሕቅ በቀር ሌላ ጭነት አይያዝበት፤ ያም ቢሆን ገመዱ የትረስተሩን ሞተር እንዳይነካ በጣውላ ይከለላል። ፓራኦሊዮ፣ ካርቦን፣ ፊውዝ፣ የመጠበቂያ ፒንና አኖድ ትረስተሩ ሲገዛ አብረው ቢታዘዙ፣ ጀልባው በትንሽ ዕቃ ምክንያት ጥምቀትን የመሰለ የመንገደኛ ወቅት ቆሞ አያሳልፍም።