ስለ ዓሣ ማጥመድና ስለ ትንሽ ሞተር ጀልባ እንክብካቤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትንሽ ሞተር ጀልባ ይዞ ሐይቅ ወይም ወንዝ ላይ የሚያጠምድ ሰው ሁለት ሙያ ተሸክሟል። በሁለቱም ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩ፣ ሲሰሟቸው እውነት የሚመስሉ፣ ግን ሞተር የሚያቃጥሉና ዓሣ የሚያበላሹ አባባሎች አሉ። አብዛኞቹን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ሰው የሚፈርደው ከውሃ በላይ ባየው ነው፤ ጉዳቱ ግን የሚጀምረው ከውሃ በታች፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ ነው።

«ውሃው ጨው ስለሌለው ሞተሩን አይበላውም»

ጨው ብረትን ቶሎ መብላቱ እውነት ነው። ጨው አልባ ውሃ ግን ደለል፣ አሸዋና የአረም ቁርጥራጭ ይዞ ይመጣል፤ ወንዝ በሚገባበት ዳር ደግሞ ይብሳል። በሞተሩ የታችኛው ክፍል ያለው የውሃ ፖምፓ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚስበው ኢምፔለር በሚባል ባለ ክንፍ ጎማ ነው። አሸዋ የክንፎቹን ጫፍና የሚሽከረከሩበትን ቤት ይሞርዳል፤ ደለል በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥ ተጠቅጥቆ ይደርቃል። ስለዚህ ጭቃማ ውሃ ላይ ከተዋለ በኋላ ሞተሩን በንጹህ ውሃ ለ10 ደቂቃ ያህል ማጠብ ያስፈልጋል። ቀላሉ መንገድ በርሜል ነው፦ የውሃ መሳቢያ ቀዳዳዎቹና ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን እስኪሰጥሙ በርሜሉን ሞልቶ፣ ማርሹን ፍሪ አድርጎ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይጨምሩ፣ በዝቅተኛ ዙር) ማስነሳት። ውሃ በሌለበት «ይነሳ እንደሆን ልየው» ብሎ መሞከር ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ጎማውን የሚያለሰልሰው የሚስበው ውሃ ራሱ ስለሆነ በደረቁ ሲሽከረከር በሰከንዶች ውስጥ ይጎዳል።

የብረት መበላትም ቢሆን ጨው በሌለበት አይቀርም። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማይዝግ ብረት ነው፤ ሁለቱ ውሃ ውስጥ አንድ ላይ ሲነከሩ እየተበላ የሚሄደው አሉሚኒየሙ ነው። አኖድ የሚባለው ትንሽ የብረት ቁራጭ የተሠራው በእርሱ ፋንታ እንዲበላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው የአኖዱን ዓይነት ነው። የዚንክ አኖድ ለባሕር ነው፤ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ሽፋን ያበጅና ሥራውን ያቆማል። ለሐይቅና ለወንዝ ማግኒዥየም ይሻላል፤ ሁለቱም ውሃ ላይ ለሚወጣ ጀልባ የአሉሚኒየም አኖድ ይስማማል። አኖዱን ቀለም መቀባት ጥበቃውን ያጠፋዋል። ግማሹ ከተበላ ይቀየራል፤ ለዓመታት ንክች ያላለ አኖድ ካለ ደግሞ ደስ ሊያሰኝ አይገባም፤ ሥራውን እየሠራ አይደለም፣ ወይም ከሞተሩ አካል ጋር በደንብ አልተገናኘም ማለት ነው። አውጥቶ መገናኛውን በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ነው።

«ከኋላ ውሃ እየረጨ ከሆነ ማቀዝቀዣው ደህና ነው»

ያቺ ቀጭን የውሃ ጅረት የምትመሰክረው ፖምፓው ውሃ መሳቡን ብቻ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ውሃው ሙሉውን ዙር ሳይጨርስ ስለምትወጣ፣ ውሃውን እንደ ሙቀቱ የሚያሳልፈው ቫልቭ፣ ቴርሞስታቱ፣ ተዘግቶ ቢቀር እንኳ መፍሰሷን አታቆምም። ስለዚህ የሙቀት ማስጠንቀቂያው ከጮኸ «ውሃ እኮ አለው» ብሎ መቀጠል ሞተሩን ያስበላል።

ጅረቷ ስትጠፋ ደግሞ ሁልጊዜ ፖምፓው ሞቷል ማለት አይደለም። ሞተሩን አጥፍቶ መጀመሪያ የመሳቢያ ቀዳዳዎቹን ማየት፤ ፌስታል ወይም አረም ሸፍኗቸው ይሆናል። ቀጥሎ በመውጫዋ ቀዳዳ ወፍራም የናይለን ክር አስገብቶ መነቅነቅ፤ ጭቃ ወይም የነፍሳት ጎጆ ብዙ ጊዜ በዚህ ይወጣል። ከዚህ በኋላም ካልመጣች ኢምፔለሩ ይፈተሻል። ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ተጣምመው ከቀሩ፣ ጫፋቸው ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ አዲስ ይገባል። ከክንፎቹ አንዱ ተቆርጦ ከጠፋ ሥራው አላለቀም፤ ቁራጩ የውሃ ቱቦው ውስጥ ስለሚወተፍ ተፈልጎ መውጣት አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ኢምፔለርም ሞተሩን ከመጋል አያድነውም።

ሲገጠም ጎማውን የሳሙና ውሃ መቀባት፣ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ትንሽ ቁልፍ ብረት ቦታው መመለስ፣ ከዚያ ዘንጉን ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ ቤቱን ወደ ታች መጫን፤ ክንፎቹ በትክክለኛው በኩል የሚታጠፉት እንዲህ ሲሆን ነው። የዘንጉ ጥርሶች ጎን ላይ ግራሶ ይቀባል፤ አናቱ ላይ ግን አይደረግም፤ እዚያ የታመቀ ግራሶ ዘንጉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግደዋል።

«የተጠመጠመን ክር ፕሮፔለሩ ራሱ ይበጥሰዋል»

ዓሣ አጥማጅን ከሌላው ባለጀልባ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነው። የራሱ ወይም የሌላ ሰው የማጥመጃ ክር ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማም፤ ሞተሩም በደንብ ይሄዳል። ክሩ ግን ወደ ውስጥ እየተሳበ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ይገባና በዘንጉ ላይ ይጠቀጠቃል። ሲዞር ይግላል፣ ይቆርጣል፤ የማርሽ ዘይቱ እንዳይወጣና ውሃ እንዳይገባ የሚጠብቀውን የጎማ ሲል ይበላዋል። ጠለፍ ተደርጎ የተሠራው ክር ከናይለኑ ይብሳል፤ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ እንደ መጋዝ ነው።

መድኃኒቱ ፕሮፔለሩን ማውጣት ነው፤ በየጊዜው፣ ክር መጠምጠሙ ከታወቀ ደግሞ በዚያው ቀን። መጀመሪያ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሳ የድንገተኛ ማጥፊያው ገመድ ይነቀላል፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው የካንዴላውም ገመድ ይለያል። ከዚያ የታጠፈው የመቆለፊያ ሽቦ በፒንሳ ተስቦ ይወጣል፤ ዳዶው፣ ሮንዴላው፣ ፕሮፔለሩ፣ በመጨረሻም ከጀርባው ያለው ወፍራም ቀለበት በቅደም ተከተል ይወርዳሉ። ቀለበቱን ማውረድ የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ክሩ የሚደበቀው ከእርሱ ጀርባ ነው። በቢላዋ ሲሉን እንዳይነኩ ክሩን በእጅ እየፈቱ ማውጣት ይመረጣል። ሲመለስ ዘንጉ ውሃ የማያጥበው ግራሶ ይቀባል፤ የመቆለፊያው ሽቦም በአዲስ ይተካል።

የጎማው ሲል መጎዳቱን የሚናገረው የማርሽ ዘይቱ ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ማሳደር፤ ጠዋት የታችኛውን ብሎን ትንሽ ላላ ማድረግ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ገብቶ ከሆነ ቀድሞ የሚንጠባጠበው እርሱ ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃው ከማርሾቹ ጋር ተመትቶ ተደባልቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዘይት ብቻ ቀይሮ መሄድ ምንም አይጠቅምም፤ ሲሉ ካልተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ያው ይመለሳል፤ ማርሾቹና ኩሽኔታዎቹም ይዝጋሉ።

ጤነኛው ሞተርም ቢሆን በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ይህ ዘይት ይቀየርለታል። ታችኛውና ላይኛው ብሎን ተፈትተው አሮጌው ይፈስሳል። አዲሱ የሚሞላው ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ከተሞላ አየር ይታፈንና ሞልቷል ያስብላል። በላይኛው ቀዳዳ አረፋ የሌለው ዘይት መፍሰስ ሲጀምር መጀመሪያ ላይኛው ብሎን ይዘጋል፣ ከዚያ ታችኛው። የብሎኖቹ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ ከሥራቸው የሚገባው ቀለበት) በየጊዜው አዲስ ይሁን። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ በአጠገባቸው ባለ መስቀል ራስ ሌላ ብሎን አለ፤ እርሱ የማርሽ መቀየሪያውን የሚይዝ ስለሆነ አይነካም።

«ዘይት በበዛ ቁጥር ሞተሩ ይድናል»

ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሰጠው ባለ ሁለት ምት ሞተር መጽሐፉ 50 ለ 1 የሚል ከሆነ፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው፤ ለ10 ሊትር 200፣ ለ25 ሊትር 500። «ለደህንነቱ» ተብሎ እጥፍ ሲጨመር ካንዴላው ይጠቁራል፣ የፒስተን ቀለበቶቹ በጥቀርሻ ይጣበቃሉ። የማይታየው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር የሚያሳልፈው የድብልቁ መጠን የተወሰነ ነው፤ ዘይቱ ሲበዛ በውስጡ ያለው ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩም አየር በዝቶበት ከሚገባው በላይ ይግላል። እጥፍ ዘይት የሚሰጠው አዲስ ሞተር ሲሟሽ ብቻ ነው፤ ያውም አምራቹ እንዲህ ካዘዘ።

የዘይቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ቆርቆሮው ላይ ቲሲ-ደብልዩ3 የሚል ምልክት ያለው በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራና አመድ የማይተው ነው። የመኪና ዘይት ለመቃጠል አልተሠራም። ባለ አራት ምት ሞተር ካለዎት ደግሞ ቤንዚኑ ውስጥ ምንም ዘይት አይጨመርም።

«ሞተሩ መሀል ሐይቅ ላይ ከጠፋ ካንዴላው ነው»

ሊሆን ይችላል፤ ካንዴላ ከመፍታት በፊት ግን ታንኩን ይዩ። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃዎች በደንብ ሄዶ ቀስ በቀስ ከደከመና ከጠፋ፣ የቤንዚን መግፊያው የጎማ አምፖል ደግሞ ጭምድድ ብሎ ከተገኘ፣ የታንኩ ክዳን አየር ማስገቢያ ተዘግቷል። መክፈት ብቻ ነው። አምፖሉ ሲጨመቅ የማይጠነክር ከሆነ በመገጣጠሚያዎቹ አየር ይገባል ወይም በውስጡ ያለው ቫልቭ አርጅቷል። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ መጠቆም አለበት፤ ሲጨመቅም ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጫፍ ወደ ላይ ይያዝ።

ቤንዚኑ ለወራት የቆየ ከሆነ ጥፋተኛው እርሱ ነው፤ ካርቡራተሩ ውስጥ ተኖ የሚተወው ሙጫ ጠባቦቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ጀልባው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ሞተሩ ውሃ ውስጥ እያለ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅሎ፣ በሚኒሞ ራሱ እስኪጠፋ መተው ይጠቅማል። ይህ ለባለ ካርቡራተር ሞተር ነው።

«ለተሰበረው ፒን ምስማር ይበቃል»

በትናንሽ ሞተሮች ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያይዘው ፒን ለስላሳ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ድንጋይ ሲመታ እርሱ ተሰብሮ ማርሹን ያድናል። ጠንካራ ምስማር ከገባ ቀጥሎ የሚሰበረው ማርሹ ነው። ሁለት ትርፍ ፒንና ፒንሳ ከጀልባው አይጥፉ።

«ትልቅ ፕሮፔለር ጀልባውን ያፈጥነዋል»

ፕሮፔለር ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች አንዱ ስፋቱ ነው፤ ሌላው በአንድ ዙር በሐሳብ ደረጃ ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚሄድ ይናገራል። ሁለተኛው ቁጥር ከሞተሩ አቅም በላይ ከሆነ ሞተሩ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ እንደሚወጣ መኪና ያቃስታል። ይህ የሚለካው በተለመደው ጭነት፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው። አምራቹ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ካለና ሞተሩ 4,500 ላይ ከቆመ፣ ፕሮፔለሩ ይከብደዋል። አንድ ኢንች ሲቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ስለሚጨምር 3 ኢንች ገደማ ያነሰ ያስፈልገዋል።

«ጀልባ ላይ ማውራት ዓሣ ያሸሻል»

በአየር ላይ የሚነገር ድምፅ ውሃውን ሲነካ ከ99 በመቶ በላይ ጉልበቱ ተመልሶ ይነጥራል። ጀልባው ወለል ላይ የወደቀ ፒንሳ ወይም የተወረወረ መልህቅ ግን ሌላ ነው፤ ድምፁ በቀጥታ ወደ ውሃው ይገባል፣ በውሃ ውስጥም ከአየር በአራት እጥፍ ይፈጥናል። አምባዛና ካርፕ የአየር ከረጢታቸውን ከውስጥ ጆሯቸው ጋር የሚያገናኙ ትናንሽ አጥንቶች ስላሏቸው በተለይ ጥሩ ሰሚ ናቸው። ስለዚህ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ መልህቁን በእጅ ቀስ አድርጎ ማውረድ፣ የሚጠመድበት ቦታ ከመድረስ በፊት ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ መጠጋት ዝም ከማለት የበለጠ ዋጋ አለው።

«ክሩ እንዳያመልጥ ፍሬኑ ጠበቅ ይበል»

የክር መጠምጠሚያው ፍሬን ከክሩ ጥንካሬ ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ላይ መልቀቅ አለበት፤ 6 ኪሎ በሚችል ክር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ማለት ነው። በእጅ ግምት ሳይሆን የክሩን ጫፍ በባለ መንጠቆ ሚዛን ስቦ ማየት ይገባል። ክር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ቋጠሮው ላይ ነው፤ በደረቁ ሲጠብቅ በፍትጊያ ስለሚግል፣ ከማጥበቅ በፊት በውሃ ወይም በምራቅ ይርጠብ።

«ዓሣው በሕይወት እስካለ አይበላሽም»

ሙቅ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ የሚንፈራገጥ ዓሣ እየተጎዳ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ 10 ዲግሪ ላይ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ያህል የሚይዘው 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7.5 ይወርዳል። ታፍኖ ሲታገል የኖረ ዓሣ ጡንቻው አሲድ ይሞላዋል፣ ሥጋውም ቶሎ ይላላል። ወዲያው ራሱን መትቶ መግደል፣ ጉሮሮው ሥር ቆርጦ ደሙን ማፍሰስ፣ ሆድ ዕቃውንና ስንጥቦቹን አውጥቶ ማጠብ፣ ከዚያ በረዶ ውስጥ መቅበር ነው ትክክሉ። በሙቀት ጊዜ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ የተፈጨ በረዶ ይያዝ፤ ቀልጦ የሚጠራቀመው ውሃ መውጫ ይኑረው።

የሚለቀቅ ዓሣ ከሆነ እጅ ረጥቦ ይያዝ፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፈዋል። መንጠቆውን እስከ ሆዱ ከዋጠው ክሩን ከአፉ አጠገብ ቆርጦ መተው ጎትቶ ከማውጣት የተሻለ የመዳን ዕድል ይሰጠዋል።

«ዋና የሚችል ሰው ጃኬት አያስፈልገውም»

ከጀልባ የሚወድቅ ሰው ልብሱንና ጫማውን እንደለበሰ፣ አንዳንዴም ራሱን ተመቶ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ሳያስበው ትንፋሽ ያስቀማዋል፤ የመጀመሪያው ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ከሆነ የዋና ችሎታ አይደርስለትም። ጃኬቱ መቀመጫ ሥር ሳይሆን ደረት ላይ ይሁን።

በእጀታ የሚመራ ጀልባ ነጂው ሲወድቅ ዝም ብሎ አይሄድም፤ እጀታው ወደ አንድ ጎን ይዞርና ጀልባው እየተሽከረከረ ሰውየው ወደ ወደቀበት ይመለሳል፣ ከነፕሮፔለሩ። የድንገተኛ ማጥፊያው ገመድ የተሠራው ለዚህ ነው። ከእጅ አንጓ ወይም ከጃኬቱ ጠንካራ ማያያዣ ጋር ታስሮ፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ይንጠልጠል፤ ዳር ከመልቀቅ በፊትም ሞተሩ በሚኒሞ እያለ አንዴ ተስቦ ይሞከር። ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ካልጠፋ ማጥፊያው ሳይሠራ አይወጣም።