18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅምን?

በእኛ በወሎ ወላጆች ዘንድ «ልጁ 18 ስላልሞላው ሕግ አይነካውም» የሚለው አነጋገር ስለተደጋገመ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚለውን ላብራራ።

ሦስት ልጆች ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ስልክ ሰረቁ እንበል። የ8 ዓመቱ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ የሚመክረውና የሚያርመው ቤተሰቡ ወይም ትምህርት ቤቱ ነው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ክልል የሚገኘው የ14 ዓመቱ ልጅ ግን ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሆኖም በመርህ ደረጃ የሚወሰንበት የአዋቂ ቅጣት ሳይሆን እንደ ተግሣጽ ወይም በክትትል ሥር መታነጽ ያለ የማረሚያ እርምጃ ሲሆን፣ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር ማሰሩም የተከለከለ ነው፤ ይህን መብት ቤተሰብ ሳያፍር ሊጠይቅ ይገባል። የ16 ዓመቱ በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

እንደየጉዳዩ የሚለያየው የእርምጃው ዓይነትና ቆይታ ነው። ዕድሜው የሚታየው ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ ስለሆነ፣ የልደት ማስረጃ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል።