ኤጂዝም ምንድን ነው? አረጋውያን፣ ጋቢናና የመዝናኛ መርከብ

ኤጂዝም ማለት ሰውን በዕድሜው ብቻ መዝኖ ቦታ መስጠት ወይም መንፈግ ነው። ወጣቱን "ገና ልጅ ነህ፣ ምን ታውቃለህ" ብሎ አፉን ማስያዝም ከዚሁ ይቆጠራል። በብዛት የሚነሳው ግን ከአረጋውያን ጋር ተያይዞ ስለሆነ እኔም የማነሳው የእነሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ነገሩን ለሦስት ይከፍለዋል፦ ስለ አረጋውያን የምናስበው፣ ስለ እነሱ የሚሰማን እና በእነሱ ላይ የምናደርገው። ያው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሁለት ሰው አንዱ ለአረጋውያን የተዛባ አመለካከት አለው ይላል።

ይህን ለደሴ ሰው ብትነግረው ይስቅብሃል። "እኛ ጋ? አባባ ሲገቡ ብድግ የማይል ማን አለ?" እውነቱን ነው። ከደሴ መናኸሪያ ወደ ኮምቦልቻ በሚጭን ሚኒባስ አንድ አዛውንት ብቅ ካሉ ረዳቱ ማንም ሳይነግረው "አንተ ወደ ኋላ እለፍ፣ አባባ ጋቢና ይግቡ" ይላል፤ ጋቢና የተቀመጠውም ሳያጉረመርም ይነሳል። መንገዱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዙ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት መውረድ አለና የኋላ ወንበር ላይ ለሚንገጫገጭ ወገብ ቀላል አይደለም። አዛውንቱም ሳይመርቁ አይወርዱም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሳፋሪ "አሚን" ይላል። ወሎ ነዋ።

ታዲያ ኤጂዝሙ የት አለ? እዚያው ጋቢና ውስጥ አለ። አዛውንቱ ከልጃቸው ጋር ከመጡ ረዳቱ "የት ነው የሚወርዱት?" ብሎ የሚጠይቀው ልጁን ነው። ሒሳብ የሚቀበለው ከልጁ፣ መልስ የሚሰጠው ለልጁ። መስኮቱ ይከፈት ይዘጋ የሚለውን እንኳ የሚወስንላቸው ልጁ ነው። ሰውየው ያንን መንገድ ልጁ ሳይወለድ ጀምሮ ያውቁታል። ማንም አልሰደባቸውም፣ ማንም አልገፋቸውም፤ ወንበሩ ተሰጥቷቸው ነገራቸውን የሚናገርላቸው ግን ሌላ ሰው ሆነ።

እናቴን ይዤ አንድ ጤና ተቋም የሄድኩ ጊዜም ያየሁት ይህንኑ ነው። ነርሷ ትሁት ናት። ወንበር አመጣች፣ "እማማ ይቀመጡ፣ ቀስ ብለው" አለች፣ ነጠላቸው መሬት እንዳይነካ እንኳ ሰብሰብ አደረገችላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና "የት ነው የሚያማቸው?" አለችኝ። እናቴ ቀበል አድርጋ "እኔን ጠይቂኝ የኔ ልጅ፣ የሚያመው እኔን ነው" አለች። ነርሷ ሳቀች፤ ግን የሚቀጥለውንም ጥያቄ የጠየቀችው እኔን ነበር።

በእኛ አገር ያለው ኤጂዝም በአብዛኛው እንዲህ ትሁት ነው፤ ለመያዝም የሚያስቸግረው ለዚህ ይመስለኛል። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ ለሽምግልና የሚፈለጉት እነዚሁ አዛውንት ናቸው። ጠዋት የሰው ክርክር ሰምተው፣ የዚህን ቃል ከዚያ አመሳክረው፣ ካሣ ቆርጠው፣ አስታርቀው ይመለሳሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የገዛ ቤታቸው ጣሪያ ሲታደስ ወይም ላማቸው ሲሸጥ "አባባ ደክመዋል፣ አናስቸግራቸው" ተብሎ ልጆች ብቻቸውን ይመክራሉ። ያው ጭንቅላት ለጎረቤት ጠብ በቂ ሆኖ ለገዛ ንብረቱ ሲሆን የሚያንስበት ምክንያት አይገባኝም። በሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል፤ "አሮጊት" ስድብ የሆነባትን አገር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ለዚህ ነገር ስም ያወጣለት ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1969። ዋሽንግተን አጠገብ ቼቪ ቼዝ በሚባል የሀብታም ሰፈር ለአቅመ ደካማ አረጋውያን መኖሪያ ይዘጋጅ ሲባል ነዋሪው አልፈልግም ብሎ ተነሳ። በትለርን ስለ ጉዳዩ ያነጋገረው የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኛ ካርል በርንስተይን ነበር፤ ኋላ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ባወረደው የዋተርጌት ቅሌት ምርመራ ስሙ የገነነው ያው በርንስተይን። በትለር ተቃውሞው ውስጥ ከዘር ጥላቻ ሌላ የዕድሜ ጥላቻም እንዳለ ተናገረ። እሱ ራሱ ያደገው በአያቶቹ እጅ ነው። በ1975 የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1976 ስለ አገሩ አረጋውያን ኑሮ በጻፈው መጽሐፍ የፑሊትዘር ሽልማት ወሰደ።

ነገሩን ያለ ትህትና ልባስ ማየት ለሚፈልግ ከመዝናኛ መርከብ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ባሕር በሌለው ወሎ ስለ ክሩዝ ማውራት እንግዳ ይመስላል። ግን የደሴ ልጆች ፍሎሪዳም ቴክሳስም አሉ፤ ወላጅ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ደግሞ "መርከብ ላይ እናዝናናችሁ" ማለታቸው አይቀርም።

መርከቡ ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። በ2024 ሥራ የጀመረው አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ ሲሞላ ከ7,000 በላይ መንገደኛ ይይዛል። ማታ ተኝተህ ትጓዛለህ፣ ጠዋት ሌላ ከተማ ወደብ ላይ ትነቃለህ። ሻንጣ የሚፈታው አንዴ ነው፤ አልጋው፣ ምግቡ፣ ሐኪሙ፣ ሊፍቱ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ጉልበቱ ለደከመ ሰው ከዚህ የሚመች ጉዞ ማግኘት ይከብዳል። ጡረታ የወጡ፣ ጊዜም ገንዘብም ያላቸው ፈረንጆች መርከብ የሚወዱት ለዚህ ነው።

ይኸው መመቸቱ መሳለቂያ አደረጋቸው። "ክሩዝ የአዲስ ሙሽሮችና ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎች ነው" የሚል ቀልድ በፈረንጅ አገር ከተነገረ ብዙ ዘመኑ ነው። ልብ በሉ፣ የመርከብ ኩባንያዎቹ ማኅበር በሚያወጣው አኃዝ የመንገደኛው አማካይ ዕድሜ በ40ዎቹ ውስጥ ነው፤ ቀልዱ ግን ቁጥር አይሰማም። ወጣት መንገደኞች የሚያሰሙት ቅሬታም ይታወቃል፦ አረጋውያኑ ሊፍቱን ያዘገያሉ፣ ምግብ ሲነሳ ወረፋ ያስረዝማሉ፣ መራመድ ሲከብዳቸው የሚቀመጡበትን፣ በባትሪ የሚሄደውን ስኩተራቸውን መተላለፊያ ላይ ያቆማሉ።

የመጨረሻው ቅሬታ እውነት አለው። ስኩተር መተላለፊያ ላይ ከቆመ አደጋ ሲመጣ መውጫ ይዘጋል፤ ስለዚህ መርከቦች ስኩተር በየካቢኑ ውስጥ እንዲቀመጥ ያዛሉ። ይህ ሕግ ነው፣ ቅር የሚያሰኝም አይደለም፤ የ20 ዓመት ወጣትም ስኩተር ቢኖረው ይመለከተዋል። ኤጂዝም የሚሆነው ከዚያ ተነስቶ "እነዚህ ሽማግሌዎች ለምን ቤታቸው አርፈው አይቀመጡም" የተባለ ዕለት ነው። የመጀመሪያው ስለ ዕቃ ነው የሚናገረው፣ ሁለተኛው ስለ ሰው።

ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ አይቀልም። በ2020 የካቲት ወር በጃፓን ዮኮሃማ ወደብ ላይ ሰው እንዳይወርድባት የተዘጋችው የመዝናኛ መርከብ ዳይመንድ ፕሪንሰስ 3,711 ሰው ይዛ ነበር፤ 712ቱ በኮሮና ተያዙ። ከተሳፈረው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። በማግሥቱ ወር አንዳንድ የመርከብ ኩባንያዎች ከ70 ዓመት በላይ የሆነ መንገደኛ የሐኪም ማስረጃ ካላመጣ አይሳፈርም ወደሚል ሐሳብ ሄዱ። ኮሮና በአረጋውያን ላይ ይከፋ እንደነበር የሚክድ የለም። ነገር ግን 71 ዓመት ሆኗቸው በየቀኑ ዳገት የሚወጡ ሰው ወረቀት ተጠይቀው፣ ስኳርና የልብ ሕመም ያለበት የ55 ዓመት ጎልማሳ ዝም ብሎ ካለፈ፣ የተለካው ጤና ነው ወይስ የልደት ቀን? እኔ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ውሳኔውን በክፋት አልፈርጀውም፤ መለኪያው ግን ሰነፍ ነበር።

የተሻለ መለኪያ እዚያው መርከብ ላይ አለ። አንዳንድ ወደብ ትልቁን መርከብ ስለማይችል መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆምና ሰው በትንሽ ጀልባ ወደ ዳር ይወሰዳል። ማዕበል ካለ ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ስትል ከመርከቡ ወደ እሷ መሻገር ያስፈልጋል። ሠራተኞቹ የሚያዩት ያንን እርምጃ መራመድ መቻልህን ነው፤ ካልቻልክ በ30 ዓመትህም ትቀራለህ፣ ከቻልክ በ85 ትሻገራለህ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2005 የአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ በአሜሪካ ውኃ ውስጥ ያሉ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ የመዝናኛ መርከቦችንም ይመለከታል ብሎ ወስኗል። ሕጉ የሚያየው አካል ጉዳትን ነው፤ ግን ራምፕም (በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ተዳፋት) ሰፊ በርም ከተሠራ የሚጠቀምበት ብዙው ሰው አረጋዊ መሆኑ አይቀርም።

ወደ ደሴ ልመለስ። ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እማማን ልጃቸው ከአሜሪካ ደውላ ስትመጡ ክሩዝ እወስድዎታለሁ አለቻቸው። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሟ "በዚህ ዕድሜያቸው ባሕር ላይ? አብደሻል?" አለ። አንዷ ስለ ደም ግፊታቸው፣ ሌላው ስለ ማዕበል አወራ፤ ታይታኒክም ተነሳ፤ ሳይነሳ መቼ ይቀራል። እማማ በዚህ ሁሉ መሃል ሁለተኛውን እየቀዱ ነበር። ክርክሩ ሲበርድ ስኒውን አስቀምጠው ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ጾም ይገኛል? መጸዳጃው ክፍሉ ውስጥ ነው?" ልጅቱ ለሁለቱም አዎ አለች። "እንግዲያስ ምን ቸገረኝ" አሉ።

ጥያቄያቸውን አየኸው? ወንድሟ ሩብ ሰዓት ሙሉ ያላነሳውን፣ እሳቸው በየዕለቱ የሚያስፈልጋቸውን ነው የጠየቁት። ፍርሃቱ ሁሉ የልጆቹ ነበር።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ነገሩ ያስቃል። ከተማዋ ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ መነሻ ነበረች፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1998ቱ የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ድረስ የአገሪቱ ዋና ወደብ አሰብ ስለነበር የኮምቦልቻ ከባድ መኪና ሾፌር በባቲና በሚሌ አድርጎ ቀይ ባሕር ሲመላለስ ኖሯል። መርከብ ሲራገፍ ወደቡ ላይ ወረፋ ይዘው ያደሩ፣ የባሕሩን ወበቅ በቆዳቸው የሚያውቁ ጡረተኞች ዛሬም ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ታገኛቸዋለህ። ባሕርን በስልክ ስክሪን ብቻ ያየ ልጃቸው ነው እንግዲህ "አባባ ባሕር አይችሉም" የሚለው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አረጋዊው ራሱ ሲቀበለው ነው። "እኔ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ፣ የልጆቹን ልይ" የሚለውን ንግግር ሁላችንም ሰምተነዋል፤ እንደ ትሕትና አድርገንም እናደንቀዋለን። ቤካ ሌቪ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ጥናት ኦሃዮ ውስጥ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 660 ሰዎች ስለ ራሳቸው እርጅና ምን እንደሚያስቡ ተጠይቀው የተናገሩትን ከኖሩበት ዘመን ጋር አነጻጸረች። እርጅናቸውን በበጎ የሚያዩት ከሌሎቹ በአማካይ 7.5 ዓመት የበለጠ ኖረው ተገኙ። አንድ ጥናት ሁሉን አይፈታም፤ የአሜሪካም ሰው የወሎ ሰው አይደለም። ግን እናቱን "አንቺ ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ" ለሚል ልጅ ቆም ብሎ ማሰቢያ ይሆነዋል።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንዲረዳ ይላል። ድጋፉ ተገቢ ነው። አረጋዊው እዚያ የተጠቀሰው ግን እንደ ተረጂ ነው፤ የሚጓዝ፣ የሚመርጥ፣ እምቢ የሚል አረጋዊ በዚያ አንቀጽ ውስጥ አይታየኝም።

ወላጁን ሊያጓጉዝ ያሰበ ሰው፣ ለመርከብም ይሁን ለግሸን ማርያም ወይም ለሐጅ፣ ከዕድሜ ይልቅ ሌላ ነገር ይጠይቅ። ስንት ደረጃ ይወጣሉ? ሳያርፉ ምን ያህል ይራመዳሉ? ማታ ስንት ጊዜ ይነሳሉ? መድኃኒታቸው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃቸው ላይ በሚይዙት ቦርሳ ነው? መርከብ ከሆነ ካቢኑ ለሊፍት ቅርብ ነው? መርከቡ ወደብ ላይ ይጠጋል ወይስ በጀልባ ነው የሚወረደው? እነዚህን የሚመልሰው ተጓዡ ራሱ ነው፤ ስልኩ ለእሱ ይሰጠው።