ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሞከሩ የባህል መድኃኒት ዕፀዋት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ለዘመናት የተጠቀሙበት መድኃኒት ስለሆነ የተፈተነ ነው።»

ረጅም ልምድ የሚናቅ አይደለም፤ ተመራማሪው ከብዙ ሺህ ዕፀዋት መካከል የትኛውን ቢመረምር እንደሚሻል የሚጠቁመው እርሱ ነው። ነገር ግን ልምድ አጥርቶ የሚያየው ፈጥኖ የሚገለጠውን ብቻ ነው። የጠጣው ሰው ወዲያው ቢያስመልሰው ምክንያቱ ይታወቃል፤ ከወራት በኋላ ኩላሊቱ ቢደክም ግን ከመድኃኒቱ ጋር የሚያያይዘው አይገኝም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በቤልጂየም የሆነው ይህ ነው። በቻይና ለቁርጥማት የሚታዘዘው ፋንግ ጂ የተባለ ሥር ክብደት ለመቀነስ በሚሰጥ ቅይጥ ውስጥ እንዲገባ ታስቦ ሳለ፣ በስም የሚመሳሰለው፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ያለበት ሌላ ተክል ገባና የብዙ ሴቶች ኩላሊት ከሥራ ውጭ ሆነ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ቆይተው በሽንት ቧንቧ ካንሰር ተያዙ። የዚያ ተክል ዘመዶች በአውሮፓም በእስያም ለዘመናት መድኃኒት ሆነው ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው።

በተጨማሪም ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣው ብግነት፣ የሚነሣና የሚበርድ ሕመም ነው። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ስለሆነ፣ ምንም ባይወስድም ከዚያ በኋላ ቀለል ሊለው ይችላል። ሕመምተኞችን በዕጣ በሁለት ወገን ከፍሎ ማወዳደር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

«ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም፤ ሐኪሞችም ስለሚንቁት አይሞክሩትም።»

ሁለቱንም ሌይ ጎንግ ተንግ የተባለው የቻይና ሐረግ ይመልሳቸዋል። ቅጠሉ፣ አበባውና የሥሩ ቅርፊት ሰው እስከ መግደል የሚደርስ መርዝ አላቸው፤ ለመድኃኒት የሚውለው ከተላጠው ሥር የሚወጣው ጭማቂ ነው። በውስጡ ያለው ትሪፕቶላይድ ሴሎች የዘር መልእክታቸውን እንዳይገለብጡ ስለሚያግድ፣ መገጣጠሚያን የሚያጠቁትን የመከላከያ ሴሎች ያበርዳል፤ በዚያው ኃይሉ የወንድን የዘር ሕዋስ ቁጥር ሊቀንስ፣ የሴትን የወር አበባ ሊያቋርጥ ይችላል። ፈዋሹና ጎጂው አንድ ንጥረ ነገር ነው።

ይህንኑ ሥር አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ121 የሩማቶይድ ሕመምተኞች ላይ ሰልፋሳላዚን ከተባለው የታወቀ መድኃኒት ጋር አወዳድረው ውጤቱን በ2009 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከ24 ሳምንት በኋላ ቢያንስ የ20 በመቶ መሻሻል መለኪያን ያሟሉት በሥሩ 65 በመቶ፣ በሰልፋሳላዚን 33 በመቶ ገደማ ነበሩ። ውጤቱ ትልቅ ነው፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው የዘለቁት እንደ ቅደም ተከተላቸው 62 እና 41 በመቶ ብቻ ስለሆኑ፣ ቁጥሩን ያለዚህ ማሳሰቢያ መጥቀስ አንባቢን ማሳሳት ነው።

«በላብራቶሪ ብግነትን ከቀነሰ በሰው ላይም ይሠራል።»

በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የተባለ ንጥረ ነገር በሴሎች ላይ ሲሞከር ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያሳያል፤ ሲዋጥ ግን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው።

«ዕጣን ለጉልበት ሕመም ተፈትኗል፤ የእኛም ዕጣን ያው ነው።»

ለጉልበት ሕመም በብዛት የተሞከረው ቦስዌሊያ ሴራታ ከተባለው የሕንድ ዛፍ ሙጫ የሚወጣ፣ ተለክቶ የሚዋጥ ጭማቂ ነው። የትግራይና የመተማ ዕጣን የሚገኘው ከቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው። ዛፎቹ ዘመዳሞች ቢሆኑም የሙጫቸው ይዘት አንድ ዓይነት ስላልሆነ የአንዱ ውጤት ለሌላው ማስረጃ አይሆንም፤ የሚጤሰውን ዕጣን በተመለከተማ ከነጭራሹ የሚለው ነገር የለም።

«በሁለት ቀን ስለሻለኝ መድኃኒቱ እውነተኛ ነው።»

የዕፀዋት ውጤት በዚህ ፍጥነት ሲታይ መጠራጠር ይገባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. ለመገጣጠሚያ ሕመም ይሸጡ የነበሩ «ተፈጥሯዊ» ኪኒኖች በማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ ዴክሳሜታዞን (እንደ ኮርቲሶል ሆርሞን የሚሠራ ብርቱ ስቴሮይድ) እና ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) እንደተገኙባቸው አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለውን ኪኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም ሰውነቱ የራሱን ኮርቲሶል በበቂ መጠን ማመንጨት ሊያቅተው ስለሚችል፣ ሐኪም ማማከር ያለበት ከማቆሙ በፊት ነው።